ማርያ ሚቼል፦ ሰማዩን ለሴቶች የከፈተች መምህርት

ውድ እህቶቼ፣ ለእኛ አይሆንም ብለን ከምንተዋቸው ትምህርቶች አንዱ የሥነ ፈለክ ትምህርት ነው። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ፕላኔቶች መመራመር የወንዶች ሥራ ይመስለናል። ስለዚህ ዛሬ ማርያ ሚቼል የምትባል አሜሪካዊት መምህርት ታሪክ ላካፍላችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርያ በ1818 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ናንታኬት በምትባል ደሴት ተወለደች። የደሴቲቱ ወንዶች ዓሣ ነባሪ ለማደን ወጥተው አንዳንዴ ለዓመታት ባሕር ላይ ይቆዩ ስለነበር፣ ቤቱንም ንግዱንም የሚያስተዳድሩት ሴቶች ነበሩ። መርከበኛ በዚያ ዘመን መንገዱን የሚያገኘው በከዋክብትና በትክክለኛ ሰዓት ነው። አባቷ ይህን ዕውቀት ወንድ ሴት ሳይል ለልጆቹ ያስተምር ነበር። በ1831 የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን አባቷ በቴሌስኮፕ ሲመለከት፣ ሰኮንዱን የቆጠረችለት የ12 ዓመቷ ማርያ ነበረች። ጥቂት ቆይቶ የመርከብ አዛዦች ሰዓታቸውን እንድታስተካክልላቸው ለእርሷ ይሰጧት ጀመር።

በ1835 ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተች። የከተማው ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይተው በሚያስተምሩበት ጊዜ እርሷ ሁሉንም አብራ ተቀበለች። በዓመቱ የደሴቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነች። ኮሌጅ አልገባችም፤ አንባቢ በማይኖርበት ሰዓት የሒሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍትን እያነበበች ራሷን አስተማረች። ማታ ማታ ደግሞ አባቷ ከሚሠራበት ባንክ ጣራ ላይ ወጥታ ሰማዩን ትመለከት ነበር።

ጥቅምት 1 ቀን 1847 ማታ ቤታቸው እንግዳ ነበር። ማርያ ቀስ ብላ ወደ ጣራው ወጣችና ቀድሞ ያላየችው ደብዛዛ ነገር በቴሌስኮፑ አየች። አዲስ ጅራታም ኮከብ ነበር። እርሷ እርግጠኛ እስክትሆን ዝም ማለት ፈልጋ ነበር፤ አባቷ ግን በደብዳቤ አሳወቀ። ደግ አደረገ። ከሁለት ቀን በኋላ በሮም የሚኖር ሌላ ሰው ያንኑ ኮከብ አይቶ ነበርና። የዴንማርክ ንጉሥ እንዲህ ያለውን ኮከብ ቀድሞ ላገኘ ሰው የሚሰጠው የወርቅ ሜዳሊያ፣ ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ለእርሷ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ለመርከበኞች ለሚያሳትመው መጽሐፍ፣ እኛ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ በየቀኑ የምትገኝበትን ቦታ በስሌት እንድታወጣ ተቀጠረች። ይህን ሥራ 19 ዓመት ያህል ሠራች። አውሮፓን ስትጎበኝ ግን ዝናዋ ሁሉንም በር አልከፈተላትም። ሮም ውስጥ ሴት ወደማይገባበት የከዋክብት መመልከቻ በልዩ ፈቃድ ብትገባም፣ ጀንበር ሳትጠልቅ እንድትወጣ ተደረገ። ከዋክብት የሚታዩት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው!

አገሯ ስትመለስ የአሜሪካ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው ትልቅ ቴሌስኮፕ ገዙላት። እህቶቼ፣ እኛ እቁብና ማኅበር የምንጠጣ ሴቶች ይህን ነገር በደንብ እንረዳዋለን።

በ1865 ቫሳር የተባለው የሴቶች ኮሌጅ ሲከፈት ማርያ ፕሮፌሰር ሆነች። ተማሪዎቿን መጽሐፍ ብቻ አላስነበበቻቸውም። በሌሊት ከአልጋ አስነስታ የጁፒተርን ጨረቃዎችና የሳተርንን ቀለበት ራሳቸው እንዲያዩ፣ ለክተው እንዲመዘግቡ አደረገች። በ1878 ከሴቶች ቡድን ጋር እስከ ዴንቨር በባቡር ተጉዛ የፀሐይ ግርዶሽ ተመልክታለች።

በዚያው ኮሌጅ ከእርሷ ያነሰ ልምድ ያላቸው ወጣት ወንዶች የበለጠ ደመወዝ እንደሚያገኙ ስታውቅ ዝም አላለችም። ከሌላዋ ሴት ፕሮፌሰር ጋር ሆና ጥያቄ አቀረበች፤ ደመወዟም ተጨመረላት። ሴቶችን ለማሳደግ የተቋቋመ ማኅበር መሥራችና ፕሬዚዳንትም ነበረች።

ማርያ በ1889 በ70 ዓመቷ አረፈች። ከተማሪዎቿ አንዷ ሜሪ ዊትኒ ቦታዋን ተረከበች፤ ሌላዋ ኤለን ስዋሎው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለመማር የተፈቀደላት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1902 በስሟ በናንታኬት የተመሠረተው ማኅበርም የከዋክብት መመልከቻ ሠርቶ፣ ማንኛውም ሰው መጥቶ ሰማዩን የሚያይበት ምሽት ያዘጋጃል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ዕውቀት በቤት ሊጀመር እንደሚችል፣ ያገኙትንም ለሌላ ማካፈል እንደሚገባ ነው። ሰማዩን ለማየት መጀመሪያ ገንዘብ አያስፈልግም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ምሽት ልጆቻችንን፣ በተለይ ሴቶች ልጆቻችንን፣ ይዘን ደጅ እንውጣ። ጨረቃ በየትኛው ሰዓት፣ በየት በኩል እንደወጣች ለአንድ ወር በደብተር ይጻፉ። ማርያም የጀመረችው ሰኮንድ በመቁጠር ነበር።