ከሰው ሥዕል የተማረው ሠዓሊ



ባለፈው ወር ከመካከላችን ሦስት እህቶች የሥዕል ትምህርቱን ሊያቋርጡ አስበው ነበር። አንደኛ ዕድሜያችን ሄዷል አሉ። ሁለተኛ ደግሞ የሌላ ሰው ሥዕል እያዩ መቅዳት ሥራ አይባልም ብለው ነው። ስለዚህ በዚህ እትም አሁን የምንቀዳውን «የመጀመሪያ እርምጃዎች» የተባለ ሥዕል የሠራውን የቪንሰንት ቫን ጎግን ሕይወት ልናካፍላችሁ ወደድን።

ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1853 በሆላንድ፣ ዙንደርት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነበሩ። እሱም በሥዕል ንግድ ቤት ተቀጠረ፤ አስተማሪ ሆነ፤ በመጻሕፍት መደብር ሠራ፤ በቤልጅየም የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መካከልም ሰበከ። አንዱም አልሆነለትም። ሠዓሊ ለመሆን የቆረጠው በ27 ዓመቱ ነው። ገቢ ስላልነበረው ታናሽ ወንድሙ ቴዎ ይደጉመው ነበር።

አጀማመሩ እንደ እኛው ነው። ሚሌ የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ገበሬዎችን ሲቆፍሩ፣ ሲዘሩና ሲያጭዱ ስሏቸው ነበር። ቫን ጎግ የእነዚህን ሥዕሎች ኅትመት እያየ እጁ እስኪፈታ ደጋግሞ ቀዳ። በ1885 በአንድ መብራት ሥር ድንች የሚበሉ አምስት ሰዎችን የሳለበትን የራሱን ትልቅ ሥራ ሠራ።

በኋላ የአእምሮ ሕመም ጸናበት። በ1889 በፈቃዱ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ በሚገኝ የሕሙማን ማረፊያ ገባ። ከግቢው መውጣት ሲያቅተው ወደ ሚሌ ተመለሰና 21 ሥዕሎቹን በዘይት ቀለም ቀዳ። «የመጀመሪያ እርምጃዎች»ን የሠራው በጥር 1890 ነው። የቴዎ ሚስት ዮሃና ያኔ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባ ነበር። እናት ሕፃኗን ደግፋ ይዛለች፤ አባት አካፋውን ጥሎ፣ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቷል። ቫን ጎግ ፎቶግራፉን በአራት ማዕዘን መስመሮች ከፋፍሎ ወደ ሸራው አዛወረው። ፎቶግራፉ ቀለም ስላልነበረው አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ያመጣው ራሱ ነው።

ከእኛም አንዷ እህት የአባትየውን ቦታ ለሦስት ሳምንት ባዶ ትታው ነበር። ባሏ ከመተማ ተነሥቶ ገላባትን ከተሻገረና የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ለምን አትጨርሽም ብለን አልጠየቅናትም። በመጨረሻ በዚያ ቦታ የልጇን አያት፣ እናቷን፣ ተንበርክከው እጃቸውን ዘርግተው ሳለቻቸው። ሥዕሉ የሚሌም የቫን ጎግም ነው፤ አያትየው ግን የእሷ ናቸው።

ቫን ጎግ ሐምሌ 29 ቀን 1890 በ37 ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ሳለ የተሸጡለት ሥዕሎች ጥቂት ናቸው። ቴዎም ስድስት ወር ሳይቆይ ተከተለው። ዮሃና የአንድ ዓመት ልጅ ታቅፋ፣ ገዢ ያልነበራቸውን ብዙ ሥዕሎች ይዛ ቀረች። ቡሱም በምትባል ከተማ እንግዳ እያሳደረች ልጇን አሳደገች። ሥዕሎቹን ለኤግዚቢሽን እያዋሰች፣ ጥቂት በጥቂትም እየሸጠች ስሙን አስጠራች፤ በ1914 ደግሞ ለቴዎ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አሳተመች። ዛሬ ዓለም ቫን ጎግን የሚያውቀው በአብዛኛው በእሷ ድካም ነው።

እህቶች፣ መቅዳት ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሰውን የራስ ነው ማለት ነው። ቫን ጎግ ሥዕሎቹ ከሚሌ የተወሰዱ መሆናቸውን አልደበቀም። እኛም ስንሸጥ ከጀርባው ከማን እንደቀዳን እንጻፍ። ደግሞ ቀለም ለማቅጠን የሰሊጥ ዘይት አንጠቀም። በአገራችን ቢተርፍም እንደ ተልባ ዘይት አይደርቅም።

ሦስቱ እህቶቻችን ሸራችሁ አሁንም በቦታው ነው። እንጠብቃችኋለን።