ወጋየሁ ንጋቱ፦ በሬዲዮ ቁንዝላ የገባው ተዋናይ

ወጋየሁ ንጋቱን በዓይኑ ያየ የቁንዝላ ሰው ቢፈለግ ስንት ይገኛል? ለትምህርት ወይ ለጉዳይ አዲስ አበባ ወርዶ፣ አጋጣሚ ቀንቶት ቴአትር ቤት የገባ አንድ ሁለት ሰው ቢኖር ነው። ድምፁን የማያውቅ የእኔ ዕድሜ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ፊቱን ሳናውቅ ሳቁን እናውቀው ነበር።

ነገሩ የሬዲዮ ነው። በ1970ዎቹ እኛ ሰፈር ሬዲዮ ያለው ቤት አንድ ነበር፤ የአንድ ጎረቤታችን ሱቅ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ ተመልሶ ይገባል። ዜናውን ሰው ቆሞ ነው የሚሰማው። የመጽሐፍ ትረካ ሲመጣ ግን ሁሉም መቀመጫ ይፈልጋል። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የምትሄደው ጀልባ ቁንዝላ ስለምታድር፣ አንዳንዴ የማናውቃቸው መንገደኞችም ከእኛ ጋር ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው ያዳምጡ ነበር። ታዲያ አንድ ምሽት ድንጋዩ ጭራሽ ሞቶ ድምፁ መሀል ላይ ሲቋረጥ፣ አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ቀጥሎ የሆነውን ሳይሰሙ ማደራቸው እንደ ሐዘን ከብዷቸው ሲብሰለሰሉ አይቻለሁ። ሲተረክ የነበረው ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ተራኪው ወጋየሁ።

ወጋየሁ ሲጀመር የሬዲዮ ሰው አልነበረም፤ የመድረክ ሰው ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል በተቋቋመ ጊዜ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ማለት ነው፣ ቴአትርን እንደ ሙያ መማር የሚፈልግ ወጣት መሰባሰቢያ አገኘ። ከአሜሪካ ተምሮ የመጣው ተስፋዬ ገሠሠ እዚያ ነበር። ከማዕከሉ ከወጡት መካከል ሁለቱ፣ ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ፣ በንጉሡ ዘመን ለቴአትር ትምህርት ወደ ሃንጋሪ ተላኩ። እስቲ አስቡት፤ ዘውድ ካለበት አገር ተነስቶ ሶሻሊስት አገር ሄዶ ትወና መማር! በዚያን ጊዜ ግን ያን ያህል የሚገርም አልነበረም፤ የትምህርት ዕድል ከሁለቱም ጎራ ይመጣ ነበር።

ያ ትውልድ ከእሱ በፊት ከነበረው የሚለየው በዚህ ይመስለኛል። ቀደምቶቹ ተዋንያን ብዙዎቹ በተሰጥኦና በድፍረት ነው የሠሩት። እነ ወጋየሁ ግን ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቃል ከሆድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ዝምታ ስንት ቅጽበት መቆየት እንዳለበት ተምረው ነው የመጡት። በዚያ ላይ ዘመኑ ራሱ የሚጫወቱት ነገር ሰጣቸው። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን በአማርኛ እያመጣ ነበር፤ ኦቴሎም ሐምሌትም አማርኛ ተናገሩ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ትልቁ ቴአትር ቤት፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ እንደ ድሮው የባለሥልጣን መጋበዣ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሕዝብ ቲኬት ቆርጦ የሚገባበት ቤት እየሆነ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግብ ነገር አለ። የሌላ አገር ተዋናይ ሲሞት ፊልሙ ይቀራል። የዚያን ዘመን ስፔናዊ ተዋናይ፣ ለምሳሌ ፈርናንዶ ሬይን ማየት የፈለገ፣ ሰውየው ካረፈ ከ30 ዓመት በኋላም ዛሬ ማታ ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል። የእኛዎቹስ? የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም፣ ሂሩት አባቷ ማን ነው፣ የተሠራው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በብዙ ዓመታት ውስጥ የተሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ደበበ በሆሊውዱ ሻፍት ኢን አፍሪካ ውስጥ ገብቶ የውጭ ሰውም አይቶታል። የአብዛኞቹ ሥራ ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ነው የተዘጋው። ወጋየሁ መድረክ ላይ እንዴት ነበር ብሎ ዛሬ የሚጠይቅ ወጣት፣ ያየ ሰው ፈልጎ ከመጠየቅ ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም። ያየው ሰው ደግሞ እያነሰ ነው።

ወጋየሁን ከዚህ ዕጣ ያወጣው ሬዲዮ ነው።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከ500 ገጽ በላይ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ታሪኩም የጎጃም ነው። ማንኩሳ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ የቆሎ ተማሪው፣ የስለት ልጁ፣ ፊታውራሪው፣ ለግብር የሚራኮተው ገበሬ፣ ሁሉም የእኛው ናቸው። ግን የዚያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ ያንን መጽሐፍ ገዝቶ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የሚጨርስ ስንት ሰው ነበር? የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እኮ አብዛኛው የገጠር ሰው ፊደል አይለይም። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች መጽሐፉን ማንበብ አይችሉም ነበር ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከመጻሕፍት ዓለም በሚለው ዝግጅቱ መጽሐፉን በተከታታይ ክፍል ሲያቀርብ ማይክሮፎኑን ለወጋየሁ ሰጠው። ለደርግ የሚመች ታሪክ ነበር መቼም፤ የመሳፍንቱን ግፍ የሚያሳይ። አንድ ተራ ካድሬ ቢያነበው ፊታውራሪ መሸሻን ጭራቅ አድርጎ፣ ጉዱ ካሣን አብዮተኛ አድርጎ ይጨርሰው ነበር። ወጋየሁ እንዲያ አላደረገም። የእሱ ፊታውራሪ መሸሻ ሲፎክር ያስቃል፣ ሲሸነፍ ደግሞ ያሳዝናል። አርጅቶም ጀግንነቱን መተው ያቃተው፣ አጎቶቻችንን የሚመስል ሰው ነው። ወይዘሮ ጥሩአይነት ድምፅዋ ውስጥ የባላባት ልጅነቷም የእናትነት ፍርሃቷም አሉ። ሰብለ ወንጌል ስትናገር ወንድ ድምፁን አቅጥኖ እንደሴት ሲያወራ የሚሰማው ዓይነት ቀልድ የለም፤ ረጋ አድርጎ፣ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ሠልጥኖ የመጣ ተዋናይ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ምን ማድረግ እንደሌለበት ያውቃል።

ጉዱ ካሣ ግን የተለየ ነው። በመጽሐፉ ላይ ጉዱ ካሣ ረጅም ረጅም ንግግር አለው። እውነቱን ለመናገር ዓይን የሚያደክም ቦታ አለው፤ ይህን ስል የሚቆጣኝ እንዳለ አውቃለሁ። ወጋየሁ ሲናገረው ግን ያ ሁሉ ፍልስፍና፣ ብቻውን እያወራ መንገድ የሚሄድ፣ ሰው ጅል ነው የሚለው፣ ልቡ ግን የቆሰለ ሰው እስትንፋስ ይሆናል። ቁንዝላ ያ ሱቅ ደጃፍ ላይ የነበሩት ሰዎች ስለ ሥርዓተ ማኅበር ትችት የሰሙ አልመሰላቸውም። የሚያውቁትን ሰው ነው የሰሙት። በየሰፈሩ አንድ እንደዚያ ያለ ሰው ነበርና። እኛ ልጆቹማ ለስንቱ ሰው ጉዱ ካሣ የሚል ስም አወጣን!

ትረካው ሰውን ከማንበብ አሳንፎታል የሚሉ አሉ። ወጋየሁን የሰማ መጽሐፉን ያነበበ ይመስለዋል፣ ይላሉ። ከፊል እውነት አለው። እኔም መጽሐፉን በጎረምሳነቴ ባሕር ዳር ተውሼ ሳነበው፣ ገጹ ላይ የሐዲስን ሳይሆን የወጋየሁን ድምፅ ነበር የምሰማው፤ የራሴን ጉዱ ካሣ መፍጠር አልቻልኩም። ግን መጽሐፉን ያስፈለገኝ ማን ሆነና? ያንን ሬዲዮ ባልሰማ ኖሮ ያን የሚያህል መጽሐፍ ለመዋስ ደጅ አልጠናም ነበር። ማንበብ ለማይችሉት ለእናቴና ለእኩዮቿ ደግሞ ክርክሩ ራሱ ቅንጦት ነው። ለእነሱ ፍቅር እስከ መቃብር ማለት ወጋየሁ ነው፤ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም።

ወጋየሁ ንጋቱ በ1982 ዓ.ም. አረፈ። ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር፤ ተዋናይ የአባትና የንጉሥ ሚና መጫወት የሚጀምርበት፣ ድምፁ የሚበስልበት ዕድሜ። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ልጃቸው ሊሆን የሚችለው ተራኪያቸው ካለፈ በኋላ ሌላ 14 ዓመት ገደማ ኖረው በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ከሃንጋሪ የትምህርት ጓደኛው ደበበ መድረኩንም ፖለቲካውንም እስሩንም አይቷል፤ በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ከታሰሩት አንዱ ነበር። ወጋየሁ ደርግ ሲወድቅ እንኳን አልደረሰም።

የሬዲዮ ጣቢያዎች በዚያ ዘመን ቴፕ ይቆጥቡ ነበር፤ አንዱን ደምስሶ በላዩ ሌላ መቅዳት የተለመደ ነው። ይህ ትረካ ግን ተርፏል። በካሴት ተባዛ፣ ወደ ሲዲ ተገለበጠ፣ አሁን ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ስልክ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ባለፈው ዓመት ቁንዝላ ወደብ ላይ ጀልባ ስጠብቅ፣ ጭነት የሚያወርድ አንድ ልጅ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሰማ ነበር። ጠጋ ስል ጉዱ ካሣ ነው። ማን እንደሚተርክ ጠየቅኩት፤ ስሙን አያውቀውም። ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀና ዝም እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ሊያመልጠው የማይፈልገው ቦታ ላይ ደርሶ ነበር።