በተቋም ቀውስ ወቅት የመምህር ጽናት፦ የኤሚ ኖተር ሕይወት

የናዚ መንግሥት በኤፕሪል 1933 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መሠረት፣ ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ከታገዱት አይሁዳውያን መምህራን መካከል የሒሳብ ሊቋ ኤሚ ኖተር ይገኙበታል። ማክስ ቦርንና ሪቻርድ ኩራንትም አብረው ታገዱ። ስመ ጥሩው የሒሳብ ተቋም በወራት ውስጥ ሲበተን፣ ኖተር ተማሪዎቻቸውን በመኖሪያ ቤታቸው እየሰበሰቡ ጥናቱን ቀጠሉ። እንደሚነገረው፣ ከተማሪዎቹ አንዱ የናዚ ቡድን የደንብ ልብስ ለብሶ ሲመጣ እንኳ ውይይቱን አላቋረጡም።

ይህን ጽናት የጠባይ ስጦታ ብቻ አድርጎ ማየት ይቀናል፤ የሕይወት ታሪካቸው ግን ሌላም ምክንያት ይጠቁማል። በ1882 በኤርላንገን የተወለዱት ኖተር በ1907 የዶክትሬት ዲግሪ ካገኙ በኋላ በዚያው ከተማ ለ7 ዓመታት ያህል ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። በ1915 ዳቪድ ሂልበርትና ፊሊክስ ክላይን ወደ ጎቲንገን ሲጋብዟቸው፣ ሴት መምህር እንዳትሆን የሚቃወሙ የፋኩልቲው አባላት መንገዱን ዘጉባቸው፤ በመሆኑም ትምህርታቸው ለዓመታት የሚታወጀው በሂልበርት ስም ነበር። ሲሜትሪን እንደ ኢነርጂ ካሉ የማይለወጡ መጠኖች ጋር ያስተሳሰረው ታዋቂ ቲዎረማቸው በ1918 ሲታተም በራሳቸው ስም የማስተማር ፈቃድ ገና አልነበራቸውም። ፈቃዱ በ1919 መጣ፤ መጠነኛ ክፍያ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ።

ስለዚህ ትምህርታቸው በማዕረግም በአዳራሽም ላይ የቆመ አልነበረም። ሕንጻው በበዓል ቀን ተዘግቶ ሲያገኙት ተማሪዎቹን ደረጃው ላይ ሰብስበው፣ ከዚያም በጫካው መንገድ እየተወያዩ ወደ ቡና ቤት ወስደዋቸዋል። አነጋገራቸው ፈጣንና ለጀማሪ የሚከብድ ነበር፤ ሐሳብ ሲጸነስ ማየት የሚሹት ግን አልተለዩአቸውም። ከእነርሱ አንዱ ቫን ደር ቫርደን ከ1930 ጀምሮ ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ ትምህርታቸውን ለብዙዎች አድርሷል። ዩኒቨርሲቲው የነፈጋቸው ነገር ለ1933 አዘጋጅቷቸዋል ማለት ይቻላል፤ ተቋሙን የሚያስመሰግን ግን አይደለም።

ጽናቱ ስደትን አላስቀረም። በ1933 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በብሪን ማር የሴቶች ኮሌጅ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር እንደገና ጀመሩ፤ በፕሪንስተንም በየሳምንቱ ያስተምሩ ነበር። ወንድማቸው ፍሪትዝ፣ እርሱም የሒሳብ ሊቅ፣ ወደ ሳይቤሪያዋ ቶምስክ ተሰደደ። በ1934 በጋ ኖተር ጎቲንገንን ጎብኝተው የቤት ዕቃቸውን ወደ አሜሪካ አስጫኑ። ኤፕሪል 14 ቀን 1935 ቀዶ ሕክምና ባደረጉ በቀናት ውስጥ በ53 ዓመታቸው አረፉ።