ድንኳን ሰፊው አቂላ

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሥራና ወደ ትዳር የምንገባበት ጊዜ ተቃርቧል። ታዲያ ያገባ ሰው ከአገልግሎት ይቀራል፣ ከወንድሙ ጋር በገንዘብ የተሻረከም መጨረሻው ጠብ ነው ሲባል በየጊዜው እንሰማለን። እኛም ራሳችን እንደዚያ የምንልበት ቀን አለ። ስለዚህ ዛሬ የአንድ ባለሙያና ባለትዳር ክርስቲያን ሕይወት እንመልከት።

አቂላ በወገኑ አይሁዳዊ ሲሆን በጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለችው የጳንጦስ አገር ሰው ነበር። ከሚስቱ ከጵርስቅላ ጋር በኢጣልያ ሲኖር፣ ቄሣር ቀላውዴዎስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ49 ዓ.ም. ገደማ አይሁድ ከሮም እንዲወጡ ስላዘዘ ሁለቱም ተሰደው ወደ ቆሮንቶስ መጡ። ቆሮንቶስ በሁለት ወደቦች መካከል የምትገኝ የንግድ ከተማ ነበረች። ሥራቸውም ድንኳን መስፋት ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስ ከአቴና ወደዚያች ከተማ በመጣ ጊዜ፣ ሙያው ከእነርሱ ጋር አንድ ስለሆነ በቤታቸው ተቀመጠ፤ አብሯቸውም ይሠራ ጀመር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በእኛ ዘንድ የእኛኑ ሙያ የያዘ ሰው ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ደንበኛ ሊነጥቀን ነው ብለን እንሰጋለን። አቂላ ግን ራሱ በቅርብ የተሰደደ ሰው ሆኖ ሳለ በሙያው የሚስተካከለውን እንግዳ ወደ ቤቱም ወደ ሥራውም አስገባ። ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ሲደርሱ ደግሞ ጳውሎስ ለስብከት በሙሉ ልቡ ተጋ። አንዱ ሸሪክ ከመርፌው ሲርቅ ሸክሙ በቀሩት ላይ መውደቁ የታወቀ ነው። ሆኖም ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይቶ ጳውሎስ ከቆሮንቶስ ሲነሣ፣ ባልና ሚስቱ ለሁለተኛ ጊዜ ኑሯቸውን ነቅለው ከእርሱ ጋር በመርከብ ወደ ኤፌሶን ሄዱ። የተቀየመ ሸሪክ እንዲህ አያደርግም!

በኤፌሶንም አጵሎስ የተባለ አንደበተ ርቱዕ የእስክንድርያ ሰው አገኙ። መጻሕፍትን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለ ጥምቀት ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ብቻ ነበር። በጉባኤ መካከል አላሳፈሩትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የጎደለውን ሞሉለት። ኋላ አጵሎስ በቆሮንቶስ እጅግ ከመታወቁ የተነሣ ምእመናኑ የጳውሎስ ነን፣ የአጵሎስ ነን እያሉ እስከ መከፋፈል ደረሱ። የአቂላ ነን ያለ ግን አልተሰማም።

ስለ ትዳራቸው ስናነሣ፣ በሐዲስ ኪዳን ስማቸው በስድስት ቦታ ተጽፎ እናገኛለን። አንዱ ያለ ሌላው የተጠራበት ቦታ የለም፤ ከአንድ ጊዜ በላይም የሚስቲቱ ስም ይቀድማል። እርግጥ መስማማት ብቻውን አይበቃም። ሐናንያና ሰጲራም የተስማሙ ባልና ሚስት ነበሩ፤ የተስማሙት ግን መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ለመደበቅ ነበር። የእነ አቂላ ስምምነት በራቸውን ከፈተ እንጂ አልዘጋም። በኤፌሶን ሳሉ ምእመናን የሚሰበሰቡት በቤታቸው ነበር። ቀላውዴዎስ በ54 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ወደ ሮም ተመልሰው ሳለም ቤታቸው እንደገና ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለጳውሎስ ሕይወት ሲሉ የራሳቸውን ሕይወት ለሞት አሳልፈው እስከ መስጠት እንደደረሱና የአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እንደሚያመሰግኗቸው ሐዋርያው ለሮም ሰዎች ጽፏል።

ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ሞቱን ሲጠባበቅ ለጢሞቴዎስ ሁለተኛውን መልእክት ላከ። በመጨረሻው ላይ ሰላምታ እንዲቀርብላቸው ከጠየቀላቸው ሰዎች መካከል መጀመሪያ የተጠሩት እነዚሁ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ጵርስቅላ፣ ቀጥሎም አቂላ።