አሚር ዐብዱልቃድር አልጀዛኢሪ

የፈረንሣይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1830 አልጀርስን ሲይዝ አሚር ዐብዱልቃድር ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ያሉ ወጣት ነበሩ። የተወለዱት በምዕራብ አልጄሪያ፣ በመዐስከር ከተማ አቅራቢያ ነው። አባታቸው ሸይኽ ሙሕዪዲን የቃዲሪያ ጠሪቃ መሪ ነበሩ፤ ሐጅም አብረው አድርገዋል። በ1832 የአካባቢው ጎሣዎች ሸይኹን አሚር እንዲሆኑላቸው ቢለምኗቸው፣ ስለ እርጅናቸው ልጃቸውን አቀረቡ።

ወጣቱ አሚር ጦር መምራት ብቻ አልነበረም ሥራቸው። ግብር አስገበሩ፣ ቃዲ ሾሙ፣ ገንዘብ አስቀረጹ፣ መደበኛ ወታደር አሠለጠኑ። ፈረንሣይም በ1834 እና በ1837 ውል ለመዋዋል ተገደደች። ሆኖም የ1837ቱ የታፍና ውል ዐረብኛውና ፈረንሣይኛው አልተስማሙም። የውጫሌን ውል ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1839 የፈረንሣይ ጦር አሚሩ የግዛታቸው አካል አድርገው በሚያዩት ምድር አቋርጦ በማለፉ ጦርነቱ ዳግም ተነሣ።

በ1841 አገረ ገዥ ሆኖ የመጣው ጄኔራል ቡጆ ጦሩን በሕዝቡ ጉሮሮ ላይ አዞረ። ሰብል አቃጠለ፣ የእህል ጉድጓድ አስቆፍሮ ዘረፈ፣ ከብት ነዳ። አሚሩ በ1843 የድንኳን ከተማቸውን ከነኪታቦቻቸው አጡ። ሞሮኮም በ1844 በኢስሊ ከተሸነፈች በኋላ ፊቷን አዞረችባቸው።

ምርኮኛ እንዳይገደል ማዘዛቸውን፣ የሚያበሉት ሲያጡም መልቀቃቸውን ጠላቶቻቸው ሳይቀሩ መስክረዋል። በ1846 እሳቸው በሌሉበት የበታቾቻቸው ምርኮኞችን መፍጀታቸው ግን በታሪካቸው ላይ የወደቀ ጥላ ነው።

በታኅሣሥ 1847 ወደ አሌክሳንድሪያ ወይም ወደ ዐካ እንደሚላኩ ቃል ተገብቶላቸው እጃቸውን ሰጡ። ቃሉ ታጠፈ። ከነቤተሰባቸው በፈረንሣይ አገር 5 ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ከተከታዮቻቸውም ብዙዎች በዚያው ሞቱ። በ1852 ሲለቀቁ በመጀመሪያ ቡርሳ፣ ከ1855 ጀምሮ ደማስቆ ተቀመጡ።

በሐምሌ 1860 በደማስቆ ክርስቲያኖች ሲጨፈጨፉ፣ አሚሩ አልጄሪያውያን ተከታዮቻቸውን አስታጥቀው በየሰፈሩ ላኩ። የተገኘውን ሁሉ፣ የፈረንሣይን ቆንስላ ጭምር፣ በቤታቸው አስጠለሉ። ቤቱ ሲሞላ ወደ ከተማይቱ ምሽግ አሻገሩ። ሕዝቡ በራቸው ላይ ቢሰበሰብም አንድ ሰው አሳልፈው አልሰጡም። በሺህ የሚቆጠር ነፍስ ተረፈ። አገራቸውን የነጠቀችው ፈረንሣይም ከፍተኛ ኒሻኗን ላከችላቸው።

በ1883 ደማስቆ ላይ ሞተው ከኢብን ዐረቢ ጎን ተቀበሩ። አልጄሪያ ነፃ ከወጣች ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ አፅማቸው ወደ አልጀርስ ተመለሰ።