ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ፤ የማኅፀንን ውስጥ በድምፅ ያሳዩ ሐኪም

በጉለሌ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ለአልትራሳውንድ ስትተኛ ሐኪሙ የሚገለገልበት ጥበብ ከብረት ፋብሪካ የመጣ መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጥበቡን ወደ ማዋለድ ሕክምና ካሸጋገሩት ዋነኛው ኢያን ዶናልድ ናቸው።

ዶናልድ በ1910 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኮርንዎል፣ እንግሊዝ ተወለዱ። ከወጣትነታቸው ከፊሉን በደቡብ አፍሪካ አሳልፈው ሕክምናን ለንደን ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ኃይል ሐኪምነት ሲያገለግሉ ከራዳርና ከሶናር ጋር ተዋወቁ፤ ሰዎችን ከሚቃጠል አውሮፕላን በማውጣታቸውም ተሸለሙ።

በ1954 በግላስጎ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። በተከታዩ ዓመት በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችን በመኪና ጭነው ሬንፍሩ ወደሚገኝ የእንፋሎት ጋን ፋብሪካ ሄዱ። የብረት ስንጥቅ በሚፈተሽበት የድምፅ መሣሪያ ሲሞከሩ፣ ውኃ ያዘለው ዕጢ ከጠጣሩ ተለይቶ ታየ። ለማነጻጸሪያ የቀረበው ሙዳ የበሬ ሥጋ ነበር!

ከዚያ በኋላ ከመሐንዲሱ ቶም ብራውንና ከዶክተር ጆን ማክቪካር ጋር ደከሙ። ያላፌዘባቸው ባልደረባ አልነበረም ለማለት ይቻላል። የማይድን የጨጓራ ካንሰር ይዟታል የተባለችን ሴት መርምረው ሊወጣ የሚችል የእንቁልጢ ዕጢ ባገኙ ጊዜ ግን ፌዙ ጋብ አለ፤ ሴትዮዋም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዳነች። ውጤታቸው በ1958 በላንሴት መጽሔት ታተመ።

የፅንስን አንጀት መዘጋት ለይተው ያሳዩት ሌሎች ናቸው፤ ይህም በ1970ዎቹ አጋማሽ ነበር። ድምፅ ከውኃ ላይ አያስተጋባምና ውኃ በምስሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ዱዮዲነም የተዘጋበት ፅንስ የሚውጠው የእንሽርት ውኃ ማለፊያ ስለሚያጣ ጨጓራውና ዱዮዲነሙ ተነፍተው እንደ ሁለት ጥቁር አረፋዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የእንሽርቱም ውኃ ከልክ በላይ ይበዛል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚወጣ በእርግዝናው አጋማሽ ንጹሕ መስሎ የታየው ፅንስ ከችግሩ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የልብ ትርታን ብቻ አይቶ እናቲቱን የሚያሰናብት መርማሪ አረፋዎቹን ያልፋቸዋል። ያን ጊዜ ሕፃኑ ተወልዶ፣ አስመልሶና ሰውነቱ ደርቆ ከቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳል። አስቀድሞ የታወቀለት ግን ጨጓራው በቱቦ ተራግፎ፣ ፈሳሽ ተሰጥቶት፣ ልቡም ተመርምሮ ለቀዶ ሕክምና ይዘጋጃል።

ዶናልድ በ1976 ጡረታ ወጥተው በሰኔ 1987 አረፉ። በሕይወት ዘመናቸው የራሳቸው ልብ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር።