ዐሥራ ሁለቱ መርከበኞችና ዶክቶር ጄምስ ሊንድ

አንድ ሰው ታሞ መድኃኒት ቢወስድና ቢድን፥ ያዳነው ያ መድኃኒት መሆኑ በምን ይታወቃል? ምናልባት ያለ መድኃኒትም ይድን ነበር፤ ምናልባትም ያዳነው ዕረፍቱ ወይም ምግቡ ወይም የሰውነቱ ጥንካሬ ይሆናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሰው ልጅ በሺህ ለሚቈጠሩ ዓመታት መድኃኒት ሲቀምምና ሲጠጣ ኖሮ፥ ይህን ጥያቄ በሥራ ለመመለስ የተነሡት ሰዎች እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህም ጥቂቶች አንዱ የስኮትላንድ ተወላጅ የነበረው የመርከብ ሐኪም ጄምስ ሊንድ ነው። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ለሕዝብ ከመሰጠቱ በፊት በፈቃደኞችና በሕመምተኞች ላይ በጥንቃቄ የሚፈተንበት ሥርዓት ሲወሳ፥ የዚህ ሰው ስም ሳይነሣ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ልደቱና ትምህርቱ

ጄምስ ሊንድ በ1716 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ከተማ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። ዕድሜው 15 ዓመት ሲሆን በ1731 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ከሚኖር አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። በዚያ ዘመን የቀዶ ጥገና ሐኪም ለመሆን የሚሻ ወጣት፥ እንደ አናጢና እንደ አንጥረኛ ተማሪ ከጌታው ሥር ሆኖ፥ ቍስል እያጠበና መድኃኒት እየወቀጠ ሙያውን በእጁ ይማር ነበር እንጂ እንደ ዛሬው ረጅም የኮሌጅ ትምህርት አይጠየቅም ነበር። ሊንድም በዚህ ዐይነት ከቈየ በኋላ በ1739 ዓ.ም. በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ የሐኪም ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። በሜዲትራንያን ባሕር፥ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍና በካሪብያን ደሴቶች አካባቢ ብዙ ዓመት አገለገለ። ከዚያም ሳልዝበሪ በምትባለው የጦር መርከብ ላይ ዋና ሐኪም ሆነ።

መርከበኞችን የሚፈጅ በሽታ

በዚያ ዘመን የባሕር ተጓዥ ዋና ጠላት መድፍም ማዕበልም አልነበረም፤ ስከርቪ የተባለው በሽታ ነበር። መርከቢቱ ከወደብ ከራቀች ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ፥ መርከበኛው ሰውነቱ ይዝላል፤ ድዱ ያብጣል፥ ይደማልም፤ ጥርሱ ይወልቃል፤ እግሩ ይጠቍራል፤ ድኖ የነበረ አሮጌ ቍስሉ እንኳ እንደ ገና ይከፈታል፤ በመጨረሻም በድንገት ይሞታል። አሚራል አንሰን በ1740 ዓ.ም. ስድስት የጦር መርከቦችን አስከትሎ ዓለምን ለመዞር ሲነሣ 1900 ያህል ሰዎችን ይዞ ነበር። በ1744 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰችው ከጦር መርከቦቹ አንዲቱ ብቻ ናት። ከሰዎቹም ከ1000 በላይ የሚሆኑት አለቁ፤ ከነዚህም የሚበዙትን የገደለው የጠላት ጥይት ሳይሆን ይኸው በሽታ ነው።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት አጥቶ አይደለም፤ እንዲያውም መድኃኒቱ በዝቶ ነበር። አንዱ ሐኪም ኮምጣጤ ያዝዛል፤ ሌላው አሲድ የገባበት ጠብታ፤ ሦስተኛው የባሕር ውሃ፤ አራተኛው በነጭ ሽንኩርት የተለወሰ ቅመም። ሎሚና ብርቱካን የጠቀማቸው መርከበኞች መኖራቸውም ከሊንድ አስቀድሞ ይወራ ነበር። ነገር ግን ሁሉም የራሱን መድኃኒት ያመሰግናል እንጂ አንዱን ከሌላው ጋራ ያስተያየ አልነበረም። ሐኪሙ ሁሉ በስሙና በማዕርጉ ይከራከራል፤ መርከበኛው ደግሞ ይሞታል።

የሚያዝያው ፈተና ሳይሆን የግንቦቱ

አንዳንድ ጊዜ የሊንድ ሥራ በሎሚ ስከርቪን ፈወሰ በሚል አንድ ቃል ብቻ ይነገራል። ታላቅነቱ ግን ሎሚ መስጠቱ ሳይሆን ሥራውን ያከናወነበት ዘዴ ነው። ስለዚህ ዘዴውን በዝርዝር መመልከት ይገባል።

በሜይ 20 ቀን 1747 ዓ.ም.፥ ይኸውም በእኛ በግንቦት ወር፥ ሳልዝበሪ በባሕር ላይ ሳለች፥ ሊንድ በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን መረጠ። ሲመርጥም በተቻለው መጠን ሕመማቸው ተመሳሳይ የሆኑትን ፈለገ፤ ሁሉም ድዳቸው የበሰበሰ፥ ሰውነታቸው የዛለ፥ ጕልበታቸው የደከመ ነበሩ። ሁሉንም በአንድ ስፍራ አስተኛቸው። ምግባቸውንም አንድ አደረገ፤ ጧት በስኳር የጣፈጠ አጥሚት፥ ቀን ብዙ ጊዜ የበግ ሥጋ መረቅ፥ ማታ ደግሞ ገብስና ዘቢብ ወይም ሩዝ ይሰጣቸው ነበር። እንግዲህ ማረፊያቸውና ምግባቸው አንድ ከሆነ፥ በመካከላቸው የሚገኘው ልዩነት ከመድኃኒቱ በቀር ከሌላ ሊመጣ አይችልም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈላቸው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት በየቀኑ አንድ ሊትር ያህል የፖም ጠጅ ሰጣቸው። ሁለተኛዎቹ በቀን ሦስት ጊዜ 25 ጠብታ አሲድ ያለበት መድኃኒት፥ ሦስተኛዎቹ በቀን ሦስት ጊዜ ሁለት ማንኪያ ኮምጣጤ ወሰዱ። አራተኛዎቹ ሩብ ሊትር ያህል የባሕር ውሃ ጠጡ። አምስተኛዎቹ በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ በሉ። ስድስተኛዎቹ ደግሞ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከሰናፍጭ፥ ከከርቤና ከሌላም ቅመም የተለወሰ የገውዝ ፍሬ የሚያህል መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ ዋጡ።

በስድስተኛው ቀን ብርቱካኑና ሎሚው አለቀ፤ ነገር ግን በስድስት ቀን ውስጥ ነገሩ ተለይቶ ነበር። ሎሚና ብርቱካን ከበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ወደ ሥራው ለመመለስ ቻለ። ሁለተኛውም ከቀሩት ሕመምተኞች ሁሉ ይልቅ ስለ በረታ የቀሩትን እንዲያስታምም ተመደበ። የፖም ጠጅ የጠጡት በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቂት ተሻላቸው። አሲዱን የወሰዱት አፋቸው ጠራ እንጂ ሕመማቸው አልቀነሰም። የቀሩት ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላገኙም።

ነገሩን እንደ ዛሬው ሚዛን ብንመዝነው ፈተናው ጕድለት አልነበረውም ማለት አንችልም። በአንድ መድኃኒት ሁለት ሰው ብቻ መፈተን እጅግ ጥቂት ነው። ሕመምተኞቹም የተከፋፈሉት በዕጣ አልነበረም፤ የባሕር ውሃ የደረሳቸው ሁለቱ የጕልበታቸው ጅማት የደረቀ፥ ከሌሎቹ ይልቅ የጠናባቸው ሰዎች ነበሩ። ከዚህም ሌላ መርከበኞቹን ፈቃዳችሁ ነውን ብሎ የጠየቃቸው ስለ መኖሩ የተጻፈ ነገር የለም፤ ስማቸውም በመጽሐፉ አልተመዘገበም። ዓለም የሊንድን ስም ሲያውቅ፥ የነዚያን የ12ቱን ሰዎች ስም አያውቅም።

መጽሐፉና ስሕተቱ

ሊንድ በ1748 ዓ.ም. ከባሕር ኃይል ወጥቶ በዚያው ዓመት ከኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክቶርነት ማዕርግ ተቀበለ። በ1753 ዓ.ም. ስለ ስከርቪ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከ400 ገጽ የሚበልጥ ሲሆን፥ ያ ታላቅ ፈተና ግን የያዘው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ሊንድ እንደ ዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ በሽታው ከእርጥብ አየርና ከላብ መታፈን የሚመጣ ይመስለው ስለ ነበር፥ ሎሚው በሽታውን ለምን እንደሚፈውስ ሊያስረዳ አልቻለም። ዐይኑ ያየውን እውነት የዘመኑ ትምህርት ጋረደበት።

በ1758 ዓ.ም. በሀስላር በተሠራው ትልቅ የባሕር ኃይል ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሆኖ ተሾመ፤ በዚያም 25 ዓመት ሠራ። ስለ መርከበኞች ንጽሕና ብዙ ደከመ፤ አዲስ የሚቀጠሩ ወታደሮች ገላቸውን እንዲታጠቡና ንጹሕ ልብስ እንዲለብሱ መከረ፤ የባሕር ውሃ በእሳት ተንኖ ሲቀዘቅዝ ለመጠጥ እንደሚሆን አሳየ፤ በ1768 ዓ.ም. ደግሞ በሞቃት አገሮች ስለሚገኙ በሽታዎች መጽሐፍ ጻፈ።

በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው ነገር ግን እነሆ። ሎሚና ብርቱካን በመርከብ ላይ ብዙ ወራት ሳይበላሽ ስለማይቈይ፥ ጭማቂውን በእሳት እያተነኑ እንደ ማር ማወፈርና በጠርሙስ ማስቀመጥ ይቻላል ሲል መከረ። ሐሳቡ ብልኅነት ያለበት ይመስላል። ዳሩ ግን በሽታውን የሚከላከለው ንጥረ ነገር በሙቀትና በመቈየት ይጠፋል። ሊንድ የስድስቱን መድኃኒቶች ኀይል ጐን ለጐን አድርጎ የፈተነ ሰው ሲሆን፥ የራሱን ድብልቅ ከትኵሱ ሎሚ ጋራ በዚያው ዐይነት አስተያይቶ አልፈተነም። የሌሎችን መድኃኒት ሲጠራጠር የራሱን አመነ። የወፈረውን ጭማቂ የወሰዱ መርከበኞች ስላልዳኑም፥ ብዙ ሰዎች ሎሚው ራሱ የማይጠቅም መሰላቸው። በዚያው ዘመን ደግሞ የብቅል ውሃ ይበልጣል የሚሉ ስመ ጥር ሰዎች ተነሡ፤ ካፒቴን ኩክም ብቅሉን አመሰገነ። ስለዚህ የባሕር ኃይል ሹማምንት የብቅሉን ወሬ ተከተሉ።

ከሞት በኋላ የመጣ ፍርድ

ሊንድ በ1783 ዓ.ም. ከሥራው ዐረፈ፤ በቦታውም ልጁ ጆን ተተካ። በጁላይ 13 ቀን 1794 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ሰፈክ የተባለች መርከብ ለመርከበኞቿ የሎሚ ጭማቂ እየሰጠች ወደ ሕንድ 23 ሳምንት ተጓዘች፤ ስከርቪም ሳያጠፋት ደረሰች። በማግሥቱ ዓመት በ1795 ዓ.ም. ጊልበርት ብሌን የተባለው ሐኪም ባደረገው ጥረት፥ የሎሚ ጭማቂ ለባሕር ኃይሉ መርከበኞች እንዲታደል ታዘዘ። በሽታው ከመርከቦቹ እየጠፋ ሄደ። መጽሐፉ ከታተመ 42 ዓመት፥ ፈተናው ከተደረገ ደግሞ 48 ዓመት አልፎ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ የሞቱት መርከበኞች አልተመለሱም። ያ ንጥረ ነገር ቪታሚን ሲ መሆኑ የታወቀው ገና በ1930ዎቹ ነው፤ ሴንት ጆርጂ የተባለው የሀንጋሪ ሊቅ በዚሁ ረገድ በሠራው ሥራ በ1937 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት አገኘ።

የሊንድ ዘዴ ግን ከሎሚው አልፎ ሄደ። በ1948 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አዲስ መድኃኒት ለሳንባ ነቀርሳ ሲፈተን፥ 107 ሕመምተኞች በዕጣ ተለይተው 55ቱ መድኃኒቱን ከዕረፍት ጋራ፥ 52ቱ ዕረፍቱን ብቻ ያገኙበት ውጤት ታተመ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፥ ከሁለተኛዎቹ 14 ሰዎች ሞቱ። ሊንድ የጐደለው የዕጣ ሥርዓት በዚህ ተሟላ። የፈቃድ ነገር ግን ብዙ ደም ካስከፈለ በኋላ ነው የተማሩት። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ በፈጸሙት ግፍ በኑረምበርግ በተፈረደባቸው ጊዜ፥ በ1947 ዓ.ም. ማለት ከሊንድ ፈተና ልክ 200 ዓመት በኋላ፥ ሰው በነጻ ፈቃዱ ካልሆነ በቀር መፈተኛ ሊሆን እንደማይገባው ተደነገገ። በ1964 ዓ.ም. የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ይህንኑ በሰፊው ደነገገ። ዛሬ ሜይ 20 የመድኃኒት ፈተና ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል።

የዚህ ሰው ታሪክ ለተማሪና በመንግሥት ሥራ ላይ ለተሠማራ ወጣት ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው፥ አንድ ነገር ጠቃሚ መሆኑ የሚታወቀው በተናጋሪው ማዕርግ ሳይሆን በማስተያየትና በመቍጠር መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይከብዳል፤ የሌላውን ሐሳብ የምንፈትንበትን ሚዛን በራሳችን ሐሳብ ላይም ማኖር ይገባናል። ሊንድ የመጀመሪያውን ለዓለም አስተማረ፤ ሁለተኛውን ግን ራሱ ሳይማር ቀረ። ጠረጴዛው ላይ የቀረበለትን ማስረጃ ሳያነብ በስመ ጥር ሰው ቃል ብቻ የሚፈርም ሹም፥ ሎሚውን ትተው ብቅሉን ከመረጡት ሰዎች በምን ይለያል? ስማቸው ያልታወቀው ዐሥራ ሁለቱ መርከበኞች በሕመማቸው የከፈሉት ዋጋ ዋጋ የሚኖረው፥ ከእነርሱ የተገኘው እውነት በጊዜው ሲሠራበት ነው።